የአብራሪዎች የንድፈ ሐሳብ ሥልጠና

የንድፈ ሐሳብ ሥልጠና፣ በሙያው ሰዎች አጠራር «ግራውንድ ስኩል»፣ ተማሪ አብራሪ ከበረራ ልምምዱ ጎን ለጎን በክፍል ውስጥ የሚከታተለው ትምህርት ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) ርእሶቹን ዘርዝሯል፤ የአየር ሕግ፣ ስለ አውሮፕላኑ አጠቃላይ ዕውቀት፣ የበረራ ዕቅድና ጭነት፣ የሰው ልጅ ብቃትና ውስንነት፣ ሜትሮሎጂ፣ ናቪጌሽን፣ የአሠራር ደንብ፣ የበረራ መርሆችና የሬዲዮ ግንኙነት ናቸው።

ስንት ሰዓት ይበቃል በሚለው ላይ አገሮች አይስማሙም። በአውሮፓ ደንብ ከዜሮ ተነሥቶ ለአየር መንገድ አብራሪነት የሚሠለጥን ተማሪ 750 ሰዓት በክፍል ያሳልፋል፤ በ13 ፈተናዎችም በእያንዳንዱ 75 ከመቶ ማምጣት አለበት። በአሜሪካ የግል አብራሪ ፈተና 60 ጥያቄ ሲሆን ማለፊያው 70 ከመቶ ነው፤ ከግል አስተማሪ ጋር ለሚማር ሰው የክፍል ሰዓት ዝቅተኛ ወለል የለውም። የአውሮፓውን መንገድ የሚነቅፉ፣ ተማሪው የጥያቄ ባንክ (የፈተና ጥያቄዎች ስብስብ) ሸምድዶ ያልፋል ይላሉ። ነቀፋው መሠረት አለው። አውሮፓውያኑም ራሳቸው ከፈተናው ሌላ ዕውቀትን፣ ክህሎትንና አመለካከትን አንድ ላይ የሚመዝን ክፍል ጨምረዋል።

በኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ አብራሪዎች መካከል የሆኑት ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የአብራሪነት ምስክር ወረቀት ያገኙት በ1923 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው አየር መንገድ ቲደብሊውኤ ጋር በተደረገ ስምምነት ሲቋቋም አብራሪዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ እ.ኤ.አ. በ1957 በዲሲ-3 አውሮፕላን የካፒቴንነቱን መንበር ያዙ፤ ለአፍሪካም የመጀመሪያው እንደሆኑ ይነገራል። አየር መንገዱ የራሱን የአብራሪዎች ትምህርት ቤት የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ብዙ አገሮች ልጆቻቸውን ባሕር ማዶ ልከው በሚያስተምሩበት ዘመን ይህ ቀላል እርምጃ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ዛሬ የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ሠልጣኞችንም ያስተምራል።

ንድፈ ሐሳቡ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማየት ቦሌ ጥሩ ማስረጃ ነው። ማኮብኮቢያው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተዘረጋ ነው። በዚህ ከፍታ በአቪዬሽን ለስሌት የሚወሰደው መደበኛ ሙቀት ዜሮ ዲግሪ ግድም ነው። ቀኑ 23 ዲግሪ ከሆነ አየሩ ይሳሳል፤ አውሮፕላኑም 3,200 ሜትር ግድም ላይ ያለ ያህል ነው የሚሰማው። ሞተሩ ይደክማል፤ መንደርደሪያው ይረዝማል፤ ከመሬት ከተነሡ በኋላም አወጣጡ ይዘገያል። ለማረፍ ሲቃረቡ ደግሞ የፍጥነት መለኪያው የለመዱትን ቁጥር ያሳያል፤ እውነተኛው ፍጥነት ግን ባሕር ወለል ላይ ከሚሆነው በአንድ ስድስተኛ ያህል ይበልጣል። መሬቱ በመስኮት በኩል እየሮጠ ሲያልፍ ያየ ተማሪ፣ ምክንያቱን በክፍል ካልተማረው፣ «ፈጥኛለሁ» ብሎ ጉልበት ይቀንሳል። ክንፉ ግን የሚያውቀው የመለኪያውን ቁጥር ነው፤ እሱ ሲወርድ ስቶል፣ ማለትም ክንፉ አውሮፕላኑን ደግፎ መያዝ ማቃቱ፣ ይከተላል።