ባዶ ካሬ ስላለ ብቻ አይገባም፦ ስለ ፍርግርግ ትጥቅ ጌሞች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በደሴ ፒያሳም ሆነ በኮምቦልቻ ጌም ቤቶች ትልቁን ስክሪን የሚይዘው ኳስ ነው። አርፒጂ (ገጸ ባሕርይ እያሳደጉና እያስታጠቁ የሚጫወቱት ጌም) የሚወድ ሰው ስልኩ ላይ በኢሙሌተር (የሌላ መሣሪያን ጌም በሚያስኬድ ፕሮግራም) ወይም ላፕቶፑ ላይ ብቻውን ነው የሚጫወተው። ምክሩም ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል፦ «ቦርሳውን ሙላው»፣ «ካልገባ አዙረው»፣ «ትልቁን ያዝ»። ለአንዱ ጌም ልክ የሆነው ምክር ሌላው ላይ ገጸ ባሕርይን ያዳክማል። ትጥቅን እንደ እንቆቅልሽ በካሬ ላይ የሚያስደረድሩ ጌሞች መልካቸው ይመሳሰላል እንጂ ሕጋቸው ለየቅል ነው።

«ባዶው ካሬ ለዕቃው ከበቃ ዕቃው ይገባል»

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣውን ዲያብሎ 2ን እንውሰድ። ቦርሳው ወደ ጎን 10፣ ወደ ታች 4፣ በድምሩ 40 ካሬ ነው። የደረት ጥሩር ወደ ጎን 2፣ ወደ ታች 3 ካሬ ይይዛል፤ 6 ማለት ነው። 40ን ለ6 ብናካፍል 6 ደርሶ 4 ይተርፋል፤ በዚህ ስሌት ስድስት ጥሩር መግባት ነበረበት። የሚገባው ግን አምስት ብቻ ነው። ቁመቱ 3 የሆነ ዕቃ 4 ካሬ ከፍታ ባለው ቦርሳ ውስጥ አንዱ በአንዱ ላይ አይደረብም፤ ጎን ለጎን ደግሞ ከአምስት በላይ አይቆምም። 10 ካሬ ርዝመት ያለው አንድ ረድፍ ባዶውን ይቀራል። ቀለበትና ፖሽን (የመድኃኒት ጠርሙስ) ይቀመጥበታል፤ 2 በ2 የሆነ የራስ ቁር ግን 10 ባዶ ካሬ እያየ ውጭ ይቀራል።

«ታዲያ አዙረዋ!» የሚለው ምክር የመጣው ከሌላ ጌም ነው። ሬዚደንት ኢቭል 4 ዕቃ ማዞር ይፈቅዳል፤ ዲያብሎ 2 አይፈቅድም። ቢፈቅድ ኖሮ ጥሩሩ ወደ ጎን 3፣ ወደ ታች 2 ሆኖ በሁለት ረድፍ ሦስት ሦስት ይደረደርና ስድስቱም ይገቡ ነበር። ስለዚህ አዲስ ጌም ሲጀመር መጀመሪያ የሚጣራው ዕቃ ይዞራል ወይስ አይዞርም የሚለው ነው።

ማዞር ተፈቅዶም፣ ስፋቱ ልክ ሆኖም የማይሞላ ሰሌዳ አለ። ከቴትሪስ የምናውቃቸውን ባለ 4 ካሬ ቅርጾች፣ ግልባጮቻቸውን እንደ አንድ ቆጥረን፣ አምስቱን እናስቀምጥ፤ ድምራቸው 20 ካሬ ነው። 4 በ5 የሆነ ሰሌዳም 20 ካሬ አለው። ግን በምንም ዓይነት አደራደር አይሞላም። ሰሌዳው እንደ ቼዝ ጥቁርና ነጭ ቢቀባ 10 ጥቁር፣ 10 ነጭ ይኖረዋል። አራቱ ቅርጾች እያንዳንዳቸው 2 ጥቁርና 2 ነጭ ይሸፍናሉ፤ የT ፊደል የሚመስለው አምስተኛው ግን ሁልጊዜ 3 ከአንዱ፣ 1 ከሌላው ነው የሚወስደው። ድምሩ 11 ለ9 ይመጣል፤ 10 ለ10 አይሆንም። ሰዓት ሙሉ ሲያገላብጡ ከመዋል ይህን አንድ ጊዜ መቁጠር ይሻላል።

አደራደሩን በተመለከተ፣ ከኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አይሱዙ የሚጭን ወዛደር በትንሹ ካርቶን አይጀምርም፤ እዚህም እንዲሁ ነው። ትልቁና ረጅሙ ዕቃ ከጥግ ይጀምራል፤ ቁመታቸው እኩል የሆኑት ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ የሚተርፈው ባዶ ቦታ የተበታተነ ሳይሆን አንድ አራት ማዕዘን እንዲሆን ይደረጋል፤ ባለ 1 ካሬው መጨረሻ ላይ ቀዳዳ ይደፍናል። ዲያብሎ 2 ላይ ሆራድሪክ ኪዩብ የሚባለውን ሳጥን ሳይዙ መዞርም ኪሳራ ነው። ራሱ 2 በ2 ሆኖ 4 ካሬ ይይዛል፤ ውስጡ ግን 3 በ4፣ ማለትም 12 ካሬ ነው። ትርፉ 8 ካሬ።

«ሰሌዳው ላይ ከገባ ይሠራል»

ይህ አመለካከት ብዙ ተጫዋች የሚያስለቅሰው ሜጋ ማን ባትል ኔትወርክ 3 ላይ ነው። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2002 ለጌም ቦይ አድቫንስ የወጣ ሲሆን በ2023 ከተከታታዩ ጋር ተጠቃሎ ለኮምፒውተር፣ ለስዊችና ለፕሌስቴሽን 4 እንደገና ቀርቧል። ናቪ ከስተማይዘር የሚባለው ሰሌዳው ከ4 በ4 ተነሥቶ በማስፋፊያ እስከ 5 በ5 ይደርሳል። በመካከሉ ኮማንድ ላይን የተባለ አግድም መስመር ያልፋል። ብሎኮቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ልሙጦቹ ችሎታ የሚሰጡ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ለምሳሌ ሲመቱ ከመንገዳገድ የሚያድነው ሱፐር አርመር። የመስመር ምልክት ያለባቸው ደግሞ ሕይወትን ወይም የመሣሪያ ጉልበትን በቁጥር የሚጨምሩ ናቸው።

መሠረታዊ ሕጉ ሦስት ነው። ልሙጡ ብሎክ ቢያንስ በአንድ ካሬው ኮማንድ ላይኑን መንካት አለበት። ምልክት ያለበት ጨርሶ መንካት የለበትም። ቀለማቸው አንድ የሆነ ብሎኮች በጎን መነካካት አይችሉም፤ በጥግ ቢነካኩ ግን ችግር የለም።

ከሦስቱ አንዱ ሲጣስ ጌሙ ብሎኩን አይመልስም፤ ዝም ብሎ ይቀበለዋል። ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ቅጣቱ የሚመጣው ውጊያ ላይ በባግ (በብልሽት) መልክ ነው፦ የሕይወት ነጥብ ሳይመቱ ይፈሳል፣ ወይም መሣሪያው በትክክል አይተኩስም። «ጌሙ ተበላሽቷል፣ ፋይሉ ጎድሏል» ብሎ እንደገና የሚያወርድ ሰው አለ። ፋይሉ ምንም አልሆነም፤ ሁለት ቢጫ ብሎኮች ተነካክተዋል። ብሎኩን አንሥቶ እንደገና ራን (ድርድሩን ሥራ ላይ የሚያውለው ትዕዛዝ) ማለት በቂ ነው።

ከሕጉ የሚወጣ አንድ ስሌት ብዙ ድካም ያስቀራል። ሰሌዳው 5 ካሬ ስፋት ሲኖረው ኮማንድ ላይኑም 5 ካሬ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ልሙጥ ብሎክ ከመስመሩ ቢያንስ አንድ ካሬ ስለሚፈልግ፣ ከአምስት ልሙጥ በላይ በሕግ ማስገባት አይቻልም። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከመስመሩ ነው። የግድ የሚያስፈልጉ ልሙጦች ይመረጣሉ፤ ከመስመሩ ላይ የሚወስዱት ካሬ አንድ ብቻ እንዲሆን ቁመታቸው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይዞራል፤ አንድ ቀለም ባላቸው ብሎኮች መካከል ሌላ ቀለም ይገባል። የቁጥር ብሎኮቹ ከመስመሩ ውጭ በቀሩት ክፍት ቦታዎች ይሞላሉ። አንዳንድ ብሎክ በበተን ኮድ ተጨምቆ ካሬ ስለሚቀንስ «አይገባም» ከማለት በፊት መጭመቂያ እንዳለው ማየት ነው።

ባግ ሁሉ ክፉ ነው የሚለውም ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም። በተከታታዩ ውስጥ የበሰሉ ተጫዋቾች የሚጎዳቸውን ባግ ከሚጠቅማቸው አመዛዝነው አውቀው ይገቡበታል። ጀማሪ ግን ባይሞክረው ይመረጣል።

«ጎን ለጎን ከሆኑ ተያይዘዋል»

ካሬ ያለበት ሁሉ በመነካካት አይሠራም። ፓዝ ኦፍ ኤግዛይል ላይ በትጥቅ ቀዳዳዎች ውስጥ የሚገቡት የችሎታ ድንጋዮች የሚረዳዱት በመካከላቸው የማያያዣ መስመር ካለ ብቻ ነው። የደረት ልብስና የሁለት እጅ መሣሪያ እስከ 6 ቀዳዳ ሊኖራቸው ይችላል፤ ስድስት ቀዳዳ ማለት ግን ስድስት የተያያዘ ቀዳዳ ማለት አይደለም። መስመሩ በመካከል ከተቋረጠ ደጋፊው ድንጋይ አጠገቡ ያለውን ችሎታ ጨርሶ አያውቀውም። የተያያዙት በማንኛውም ቅደም ተከተል ቢቀመጡ ውጤቱ ያው ነው።

ፋይናል ፋንታሲ 7 እ.ኤ.አ. በ1997 ይህንኑ በጥንድ አድርጎት ነበር። ኦል የተባለው ማቴሪያ (የዚህ ጌም የችሎታ ድንጋይ) ፋየር ከተባለው የእሳት አስማት ጋር በተጣመሩ ቀዳዳዎች ሲቀመጥ እሳቱ ለጠላት ሁሉ ይደርሳል፤ ሳይጣመሩ አጠገብ ለአጠገብ ቢሆኑ እሳቱ አንድ ጠላት ብቻ ነው የሚመታው። «ኦል ገዝቼ አልሠራልኝም» የሚል ሰው ሁለት ነገር ይይ፦ መስመሩን፣ ቀጥሎም የኦሉን ደረጃ። በ1ኛ ደረጃ ኦል በአንድ ውጊያ የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«ትልቅ ዕቃ ይበልጣል፤ ባዶ ካሬም ብክነት ነው»

ወደ ዲያብሎ 2 ስንመለስ፣ ቻርም የተባሉት ዕቃዎች ቦርሳ ውስጥ በመቀመጣቸው ብቻ ኃይል ይሰጣሉ። ትንሹ 1 ካሬ፣ መካከለኛው 2፣ ትልቁ 3 ካሬ ይይዛል። ትንሹ ቢበዛ 20 ሕይወት ይጨምራል፤ ትልቁ ቢበዛ 45። በካሬ ሲሰላ ሦስት ትናንሾች 60 ይሰጣሉ፤ ያንኑ ቦታ የያዘው ትልቁ 45 ላይ ይቆማል። ለሁሉም ዓይነት ጥቃት መከላከያ ሲሆን ግን እኩል ነው፤ ትንሹ እስከ 5፣ ትልቁ እስከ 15። ትልቁን ተፈላጊ የሚያደርገው ሌላ ነው፦ የአንድን የችሎታ ዘርፍ በ1 ደረጃ ከፍ የሚያደርገው ባሕርይ በትልቁ ላይ ይገኛል፣ በትንሹ ላይ የለም። ስለዚህ ሕይወት ለሚፈልግ ትንሹ፣ ችሎታ ለሚፈልግ ትልቁ። ኪዩቡ ውስጥ ወይም መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ቻርም ደግሞ ዜሮ ነው።

ቦርሳውን በቻርም ጢም ያደረገ ሰው ሌላ ችግር ይገጥመዋል፤ ከሞተ ጭራቅ የወደቀውን የሚያነሣበት የለውም። 2 በ4 የሆነ ትልቅ መሣሪያ ለማንሣት ሙሉ ቁመት ያላቸው ሁለት ዓምዶች ያስፈልጋሉ። ቢያንስ እነሱን ክፍት ትቶ መውጣት ተገቢ ነው። የአስማት ጥቅልሎቹንም መያዣቸው በሆነው መጽሐፍ ውስጥ መክተት አይረሳ፤ መጽሐፉ በ2 ካሬ 20 ጥቅልል ይይዛል፣ ለየብቻ ቢቀመጡ 20 ካሬ ይበሉ ነበር።

«ሌቨል አንዴ ከወጣ ወጣ ነው»

በአብዛኞቹ ጌሞች አዎ። እ.ኤ.አ. በ2009 ለኒንቴንዶ ዲ.ኤስ. የወጣው ኪንግደም ሃርትስ 358/2 ዴይስ ግን ሌቨልን ራሱን ፓነል አድርጎታል። መሣሪያው ፓነል ነው፣ አስማቱ ፓነል ነው፣ ፖሽኑ ፓነል ነው፤ ሁሉም በአንድ ሰሌዳ ላይ ቦታ ይሻማሉ። ሌቨል ፓነሉን አንሥቶ ፖሽን ያስገባ ሰው ሌቨሉ ይወርዳል። «ሌቨሌ ቀነሰ» የሚለው እሮሮ ከዚህ የመጣ ነው። ሌቨል ደብለር የሚባሉት ፓነሎች በውስጣቸው የተቀመጡትን ሌቨሎች እጥፍ ስለሚቆጥሩ፣ ሌቨልን በተራ ካሬ ላይ ከመበተን እነሱ ውስጥ መሰብሰቡ ለአስማት ቦታ ያስለቅቃል። ድርድሩ የሚስተካከለው ሚሽን ከመጀመሩ በፊት ነው።

«ሰሌዳ ያለው ሁሉ የትጥቅ ሰሌዳ ነው»

አይደለም። ፋይናል ፋንታሲ 10 ላይ ያለው ስፌር ግሪድ የዕድገት መንገድ ነው፤ ዕቃ አይደረደርበትም። የ12ኛው ላይሰንስ ቦርድ ደግሞ ፈቃድ ብቻ ነው የሚሰጠው። የሰይፉን ካሬ ከፍቶ ሰይፉን ቦርሳው ውስጥ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም፤ ሰይፉ ለብቻው ይገዛል ወይም ይገኛል። ኒየር ኦቶማታ የተባለው ጌም ችሎታ የሚጨምሩትን ቺፖች የሚለካው በቅርጽ ሳይሆን በሚይዙት ሜሞሪ ነው። ስማቸውና ደረጃቸው አንድ የሆነ ሁለት ቺፖች የተለያየ ሜሞሪ ሊይዙ ስለሚችሉ፣ ለማዋሐድ ቁጥሩ ትንሽ የሆነውን መርጦ ማስቀረት ነው። ኦ.ኤስ. የሚለውን፣ ማለትም ገጸ ባሕርይውን የሚያንቀሳቅሰውን ቺፕ ያወጣ ሰው ግን ገጸ ባሕርይው እዚያው ይሞታል፤ ጌሙ የምሩን ነው።

«ራሱ የሚደረድረው በተን ከሰው ይበልጣል»

በተኑ ፈጣን ነው፤ የተሻለውን አደራደር ግን አያረጋግጥም። ከ5 ካሬ የሚሠሩት 12 የተለያዩ ቅርጾች 6 በ10 የሆነ ሰሌዳን ያለ ክፍተት የሚሞሉባቸው መንገዶች 2339 ናቸው፤ ያው ሰሌዳ 3 በ20 ሆኖ ቢዘረጋ መንገዱ ሁለት ብቻ ነው። ስፋቱ ሳይለወጥ ቅርጹ ብቻ ይህን ያህል ልዩነት ካመጣ፣ በሰከንድ ክፋይ የሚወስን በተን አንድ ጥሩ የሚመስል መልስ ይዞ ነው የሚቆመው። ደግሞም ቀለምና መስመር በሚቆጠርበት ጌም ጥብቅ ብሎ መታጨቅ ራሱ ጥፋት ሊሆን ይችላል። ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ላይ ሰሌዳውን ስሎ፣ ብሎኮቹን ከወረቀት ቆርጦ መሞከር በትንሽ የስልክ ስክሪን ላይ በጣት ከመጎተት ይፈጥናል፤ ባትሪም አይበላም።

«ከደረደርኩት ተቀምጧል»

መብራት በሄደ ቁጥር የሚታይ ስሕተት ነው። ናቪ ከስተማይዘር ላይ ብሎክ ማስቀመጥ፣ ራን ማለትና ሴቭ ማድረግ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በኢሙሌተር ደግሞ የጌሙ ሴቭና የኢሙሌተሩ ስቴት (ኢሙሌተሩ ራሱ የሚይዘው የዚያ ቅጽበት ቅጂ) አንድ አይደሉም። የቆየ ስቴት ሲከፈት ሰሌዳው ወደዚያ ጊዜ ይመለሳል፤ ከዚያ ላይ በጌሙ ውስጥ ሴቭ ከተደረገ አዲሱ ድርድር በአሮጌው ተተክቷል። ስለዚህ ድርድሩ እንዳለቀ በጌሙ ሴቭ ማድረግ፣ ስቴቱንም ባዶ በሆነ ሌላ ቁጥር ላይ መያዝ፣ የሰሌዳውን ስክሪንሾት ማንሣት። ስክሪንሾቱ ካለ ሁሉም ቢጠፋ እንኳ መልሶ መደርደሩ የደቂቃዎች ሥራ ነው።