ቴሯር ምንድን ነው?

ቴሯር የፈረንሳይኛ ቃል ነው። መሬት ከሚለው ቃል ይወለዳል። የወይን ሰዎች ግን አፈሩን ብቻ አይሉበትም፤ ከፍታውን፣ ዳገቱ ወደየት እንደሚያይ፣ ዝናቡን፣ የሌሊቱን ብርድና የገበሬውን ልማድ ሁሉ ጨምረው ነው። በወይኑ ውስጥ የሚቀመሰው አገሩ ነው በሉት።

ለጎጃም ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። አያቴ ማር በጣቷ ነክታ «ይሄ የአደይ አበባ ነው፣ ያኛው ብሳና አለበት» ትል ነበር፣ ቀፎው የት እንደተሰቀለ ማንም ሳይነግራት። ደግሞም «ወይና ደጋ» የምንለውን ቃል አስቡት፤ ወይን የሚስማማው ደጋ ማለት እኮ ነው።

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ የኤትናን ቀይ ወይን ደብረ ማርቆስ ይዞልኝ መጣና በጣም ወደድኩት። ኤትና በጣልያኗ ሲሲሊ ያለ፣ ከ3,300 ሜትር በላይ የሆነ፣ ዛሬም እሳት የሚተፋ ተራራ ነው። የእኛን ጮቄንም በጥንት ዘመን የገነባው እሳተ ገሞራ ነው። ኤትና ላይ ወይኑ በጥቁር ድንጋይ እርከን ላይ እስከ 1,000 ሜትር ገደማ ይወጣል። ለእኛ 1,000 ሜትር የአባይ በረሃ ነው! ኤትና ግን ከምድር ወገብ በጣም ስለሚርቅ ያ ከፍታ ለወይን ብርድ ነው። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል።

ዋናው ነገር ያ ብርድ ነው። ቀን ፀሐዩ ፍሬውን ያጣፍጠዋል፣ ሌሊት ደግሞ ብርዱ ጎምዛዛነቱን ያቆይለታል፤ ስለዚህ ወይኑ ጣፍጦም አይሰለችም፣ ምራቅ ያስውጣል። ኔሬሎ ማስካሌዜ የሚባለው የአካባቢው ወይን ቶሎ አይደርስም፣ ብዙ ጊዜ በፈረንጆቹ ኦክቶበር ነው የሚለቀመው። ቀለሙ ሳሳ ያለ ነው። በቀለሙ ግን አትፍረዱ፤ ታኒኑ ጠንካራ ነው። ታኒን ከልጣጩና ከፍሬው ዘር የሚወጣ፣ ያልበሰለ ሙዝ እንደበላችሁ ድድን የሚያደርቅ ነገር ነው። ከጌሾ ምሬት ጋር አታምታቱት፣ የጌሾው ምላስ ላይ ነው የሚቀረው።

ስትጠጡት በጣም አታሙቁት፣ በፍሪጅም በጣም አታቀዝቅዙት፤ 16 ዲግሪ አካባቢ ይበቃዋል። መጀመሪያ አሽትቱት። ከጥብስ ጋር ደግሞ ታኒኑ ይለሰልሳል።

ጠርሙሱ ላይ «ኮንትራዳ» የሚል ካያችሁ ጎጥ እንደማለት ነው። አንዱ ጎጥ በቆየ፣ ጎረቤቱ ከዚያ በኋላ በፈሰሰ ላቫ ላይ ሊሆን ይችላል። የአንድ ገበሬ የሁለት ጎጥ ወይን ካገኛችሁ በአንድ ምሽት ጎን ለጎን ቅመሷቸው።