«ለ6 ወር» የሚባለው የዓይን ስቴሮይድ፦ እይታ ለምን ተመልሶ ይደበዝዛል?

የሬቲና (ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ደም መልስ ሥር ሲዘጋ ፈሳሽ እየሰረገ ማኩላን፣ ማለትም ፊደል የምናነብበትን የሬቲና መሃል ያሳብጠዋል። ኦዙርዴክስ 0.7 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታሶን የተባለ ስቴሮይድ የያዘ ቀጭን ዘንግ ነው፤ በመርፌ ዓይን ውስጥ ይገባና እብጠቱን ያደርቃል። የተዘጋውን ሥር ግን አይከፍትም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

«6 ወር» ማለት እስከ መጨረሻው እኩል ይሠራል ማለት አይደለም። ጉልበቱ የሚበረታው በ2ኛው ወር ገደማ ነው፤ ከዚያ እየደከመ ስለሚሄድ በ4ኛው ወይም በ5ኛው ወር እይታ ቢደበዝዝ አብዛኛውን ጊዜ እብጠቱ ተመልሶ ነው። ሬቲናን በብርሃን በሚያነሳው በኦሲቲ ምርመራ ይለያል። ዘንጉ ራሱ ሟሙቶ ስለሚጠፋ አይወጣም።

የዓይን ግፊትም የሚጨምረው በዚያው በ2ኛው ወር አካባቢ ነው። ስለማያምም ካልተለካ አይታወቅም፤ ብዙውን ጊዜ ግን በጠብታ ይወርዳል። መርፌው ሲደጋገም ደግሞ የዓይን ሞራ ይመጣል፦ ማኩላው ደርቆ ሳለ እይታ እየቀነሰ ከሄደ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። ማኩላው ደም አጥሮት ሕዋሳቱ ከሞቱ ግን፣ እብጠቱ ቢደርቅም የጠፋው እይታ አይመለስም።

ከመርፌው በኋላ ባሉት ቀናት ዓይን ቀልቶ ካመመና ከደበዘዘ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን መታየት ነው።