«የተመዘገበ ኮሳክ» ማለት ምንድን ነው?

ኮሳኮች በዩክሬን ምድር የሚኖሩ ተዋጊዎች ነበሩ። ስለ መሪያቸው ስለ ቦህዳን ክመልኒትስኪ ዘመቻ ስታነቡ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1648 ኮሳኮች በፖላንድ ላይ አመፁ፤ ግን ከፖላንድ ጎን የተሰለፉም ኮሳኮች ነበሩ።

ጉዳዩ የመዝገብ ነው። ደመወዝና ልዩ መብት የሚያገኘው ስሙ በፖላንድ መንግሥት መዝገብ የሰፈረ ኮሳክ ብቻ ነበር። የ1638ቱ ሕግ ደግሞ ቁጥራቸውን በ6,000 ገደበ። የቀረው እንደ ገባር ገበሬ ተቆጠረ። ቂም የሚወልድ ሕግ ነው መቼም።

ክመልኒትስኪ ራሱ ከተመዘገቡት አንዱ፣ የመቶ አለቃ ነበር። እሱን እንዲወጉ በድኒፐር ወንዝ በጀልባ የተላኩ ተመዝጋቢ ኮሳኮች አለቆቻቸውን ገድለው ወደ እሱ ዞሩ። በእኔ እይታ፣ የአመፁን የመጀመሪያ ትልቅ ውጊያ፣ የዞቭቲ ቮዲን፣ ግማሹን የጨረሰለት ይህ ነው።

በ1649 ከፖላንድ ጋር የተደረገው የዝቦሪቭ ስምምነት መዝገቡን 40,000 አደረሰው። በ1651 ክመልኒትስኪ ቤሬስቴችኮ በተባለ ቦታ ሲሸነፍ ወደ 20,000 ወረደ።