የሕንድ ገጠር ሴቶች ራስ አገዝ ቡድኖችና የሕግ መብት ግንዛቤ

በሕንድ ገጠር ራስ አገዝ ቡድን የሚባለው ከ10 እስከ 20 የሚደርሱ የአንድ መንደር ሴቶች በየሳምንቱ ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ እየተሰበሰቡ የሚቆጥቡበት፣ ከቁጠባው የሚበዳደሩበትና በጋራ ስም ከባንክ ጋር የሚዋዋሉበት ማኅበር ነው። በማዕከላዊው መንግሥት የገጠር ኑሮ ማሻሻያ ፕሮግራም ሥር ብቻ ወደ 9 ሚሊዮን የሚሆኑ ቡድኖች ያሉ ሲሆን አባላቱ ወደ 100 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሲሰማ ቶሎ የሚታወሰው እቁብ ነው። እቁብ ግን የተሰበሰበውን ለባለ ዕጣው ሰጥቶ ዙሩ ሲያልቅ ይበተናል። እዚህ ገንዘቡ አይከፋፈልም፤ በወለድ እየተዟዟረ ያድጋል፤ ተራውን የሚወስነውም ዕጣ ሳይሆን የአባላቱ ችግር ክብደት ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የአባላቱ ቁጥር 20 ላይ የቆመው እንዲያው አይደለም። በ1956ቱ የኩባንያዎች ሕግ መሠረት ከ20 ሰው በላይ ሆኖ ለትርፍ የሚሠራ ማኅበር የመመዝገብ ግዴታ ነበረበት። ፊደል ያልቆጠሩ ሴቶችን ከምዝገባና ከኦዲት ጣጣ ለማዳን ቡድኑ ከ20 እንዳይበልጥ ተደረገ፤ በተራራማና ሰው በተበታተነበት አካባቢ ደግሞ 5 ሴቶችም ይበቃሉ።

አመጣጥ

የሴቶች ማኅበራት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ኤላ ባት በ1972 በአሕመዳባድ ካቋቋሙት፣ ሴዋ ከተባለው የሴት ሠራተኞች ማኅበር ነው። ሴዋ በ1974 የራሱን ባንክ የከፈተ ቢሆንም መነሻው የከተማ ጉልት ነጋዴዎችና የቀን ሠራተኞች ነበሩ። የገጠሩ ቡድን የተወለደው በደቡብ፣ በካርናታካ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ማይራዳ የተባለው ድርጅት ያቋቋማቸው ትልልቅ የኅብረት ሥራ ማኅበራት በሊቀመንበሮቻቸው ተጽዕኖ ሲፈራርሱ፣ አባላቱ ከሚተማመኑባቸው ሰዎች ጋር ብቻ በትንንሹ እየሆኑ መሥራት ቀጠሉ። ድርጅቱ ለዚህ አዲስ ደንብ ከመጻፍ ይልቅ ሰዎቹ ራሳቸው የደረሱበትን ተቀበለ፤ ሊመሰገን የሚገባውም በዚህ ነው። የግብርናና ገጠር ልማት ባንኩ ናባርድ በ1987 ለዚህ ሥራ 1 ሚሊዮን ሩፒ ሰጠ፤ በ1992 ደግሞ 500 ቡድኖችን ከባንክ ጋር የማገናኘት ሙከራ ጀመረ። መያዣ የሌለው፣ ያልተመዘገበ የሴቶች ማኅበር ከመደበኛ ባንክ ሊበደር የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው።

በአንድራ ፕራዴሽ የሆነው ከሌላው ሁሉ ይለያል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኔሎር አውራጃ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲካሄድ፣ ማታ ማታ ለመማር የሚመጡት ሴቶች የሚያወሩት ባሎቻቸው የቀን ገቢያቸውን ስለሚያፈሱበት አራክ ስለሚባለው አረቄ ነበር። በ1992 የዱባጉንታ መንደር ሴቶች የአረቄ ሻጮቹን ከመንደር አባረሩ። እንቅስቃሴው ተዛምቶ የአረቄ ጨረታዎችን አስቆመ፤ ግዛቱም በ1993 አራክን፣ በ1995 ደግሞ መጠጥን በአጠቃላይ ከለከለ። ክልከላው በ1997 ላላ፤ ለዚህም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ምክንያት የግብር ገቢ ማነስ ነው። ሴቶቹ ግን ከአረቄ የተረፈውን በቀን አንድ አንድ ሩፒ እየቆጠቡ «ፖዱፑ ላክሽሚ» የተባለውን የቁጠባ ንቅናቄ ፈጠሩ። ግዛቱ በ2000 የራሱን የድህነት ቅነሳ ተቋም ሲያቋቁም መሬቱ በእነዚህ ሴቶች ታርሶ ነበር ማለት ይቻላል።

በዚያው ግዛት በ2010 ከባድ ቀውስ ደረሰ። የግል የማይክሮፋይናንስ ኩባንያዎች የቡድኖቹን አባላት በላይ በላዩ ያበድሩ ስለነበር፣ አንዲት ሴት ከሦስትና ከአራት ቦታ ተበድራ የአንዱን በሌላው ትከፍል ነበር። ራሳቸውን ያጠፉ ተበዳሪዎች ዜና ሲበዛ መንግሥቱ በጥቅምት 2010 የአሰባሰብ ሥርዓቱን የሚገድብ አዋጅ አወጣ፤ በግዛቱ የነበረው የኩባንያዎቹ ሥራም ቆመ ለማለት ይቻላል። ኩባንያዎቹ ግዛቱ ለራሱ ቡድኖች ገበያ ሊያጸዳ ነው ሲሉ ከሰዋል። ክሱ ጨርሶ መሠረት የለውም ባይባልም፣ በየበሩ ቆሞ ሳምንታዊ ክፍያ ያስጨንቅ የነበረው ግን ቡድኑ አልነበረም።

ኬረላ በግንቦት 1998 «ኩዱምባሽሪ»ን፣ ማለትም «የቤተሰብ ብልጽግና»ን ጀመረች። ድርጅቱ በሦስት እርከን ከጎረቤት ቡድን እስከ አካባቢ ምክር ቤት ይዘልቃል፤ ከአባላቱም ብዙዎች ለአካባቢ ምክር ቤት ተመርጠዋል። ታሚል ናዱ ሥራውን የጀመረችው በ1989 በዳርማፑሪ አውራጃ ነው። ቢሃር በ2000ዎቹ አጋማሽ «ጂቪካ»ን አስከተለች፤ አባላቱ «ዲዲ» ይባላሉ፤ ታላቅ እህት ማለት ነው፣ በእኛ «እትዬ» እንደምንለው። በሰሜን ምሥራቅ ግዛቶች ቡድኖቹ የተስፋፉት ዘግይተው ነው።

ማዕከላዊው መንግሥት በ1999 ያወጣው ፕሮግራም ለቡድኖች ድጎማ ይሰጥ ስለነበር ብዙዎቹ ለድጎማው ብለው ተቋቁመው ገንዘቡን ሲካፈሉ ተበተኑ። በ2011 የተተካው ፕሮግራም ከዚህ ተምሮ በቅድሚያ የሚጠይቀው አምስት ነገር ነው፤ ስብሰባው፣ ቁጠባውና የውስጥ ብድሩ ሳይቋረጥ መካሄዱን፣ ብድር በጊዜው መመለሱን፣ መዝገቡም የዕለቱን ይዞ መገኘቱን። ቡድኑ ለሦስት ወር ያህል ይህን ጠብቆ ከታየ የተዘዋዋሪ ገንዘብ ድጋፍ ያገኛል፤ ከስድስት ወር በኋላ ባንክ መጠየቅ ይችላል።

ስብሰባውና ሒሳቡ

ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ክብ መሆኑ ሥራ አለው፤ ገንዘቡ ሲቆጠር ሁሉም ያየዋል፣ ከፍ ካለ ወገን (ካስት) የመጣችውም ከፍ ብላ አትቀመጥም። ስም ይጠራል፣ ያረፈደች ትቀጣለች፣ ቁጠባ ይሰበሰባል፣ የብድር ተመላሽ ይገባል፣ ከዚያ አዲስ የብድር ጥያቄ ይሰማል። የተወሰነው በቃለ ጉባኤ ይጻፋል፤ መጻፍ የማትችል በአውራ ጣቷ ትፈርማለች። በብዙ ቡድን ሣጥኑ አንዷ ዘንድ፣ ቁልፉ ሌላዋ ዘንድ ይቀመጣል።

አሥራ ሁለት አባላት በሳምንት 20 ሩፒ ቢቆጥቡ በ26 ሳምንት 6,240 ሩፒ ይሆናል። ብዙ ቡድኖች ለአባላት የሚያበድሩት በወር 2 በመቶ ነው። ይህ ብዙ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ግን አራጣ አበዳሪው በወር ከ3 እስከ 10 በመቶ ይወስዳል፣ የቡድኑ ወለድ ደግሞ ተመልሶ ለቡድኑ ይገባል። ስሕተት የሚበዛው ስሌቱ ላይ ነው። 3,000 ሩፒ የተበደረች ሴት በየወሩ 500 ዋና ገንዘብ ብትመልስ፣ ወለዱ ከቀሪው ላይ ሲሰላ 60፣ 50፣ 40 እያለ ወርዶ በስድስት ወር 210 ሩፒ ይሆናል። ጸሐፊዋ በየወሩ ከመጀመሪያው 3,000 ላይ ካሰላች ግን 360 ይደርሳል። ሆን ተብሎ ባይሆንም ልዩነቱ የድሃዋን አባል ቁጠባ ይበላል፤ ስለዚህ ስሌቱን ከጸሐፊዋ ሌላ ቢያንስ ሁለት ሴቶች እንዲያውቁት ይደረጋል።

ለባንክ ሒሳብ ከተመረጡት ሦስት ኃላፊዎች ሁለቱ ይፈርማሉ። እስከ 1 ሚሊዮን ሩፒ ድረስ መያዣ መጠየቅ አይፈቀድም፤ ሆኖም አንዳንድ ቅርንጫፎች የቡድኑን ቁጠባ እንደ መያዣ አግደው ሲይዙ ይታያል። ይህ መመሪያን የሚጥስ ስለሆነ ቡድኑ በጽሑፍ አቤት ማለት ይችላል። እስከ 300,000 ሩፒ ለሚደርስ ብድር ወለዱ በመንግሥት ድጎማ ወደ 7 በመቶ ይወርዳል።

ቡድን የሚፈርስባቸው ምክንያቶች ይመሳሰላሉ። ብቸኛዋ ጸሐፊ አግብታ ሌላ መንደር ስትሄድ መዝገቡ ይቆማል። የባንኩ ብድር ገና ሲለቀቅ እኩል ይከፋፈላል፤ ያልፈለገችውም ትወስዳለች፣ ገንዘቡ ባሏ እጅ ይገባል፣ ሲመለስ ግን ዕዳው የእሷ ነው። በምርጫ ሰሞን «ብድር ይሰረዛል» የሚል ተስፋ ሲሰማ ተመላሽ ይቀራል። እጅግ ድሃ የሆኑት፣ በተለይም ከወገን ሥርዓቱ በታች የተቀመጡት ዳሊት ሴቶች፣ ቁጠባው ስለሚከብዳቸው ቀድመው ይወጣሉ ወይም ከመጀመሪያውም አይጠሩም።

ሕጉ ወደ ምንጣፉ ሲመጣ

ገንዘቡ ይቅደም ወይስ መብቱ የሚለው ክርክር ጥንትም የነበረ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በኡታር ፕራዴሽ፣ በጉጃራትና በካርናታካ የተጀመረው «ማሂላ ሳማክያ» ከብድር ሳይነሳ ሴቶችን በመብትና በትምህርት ዙሪያ ያደራጅ ነበር። በ1995 በቫዶዳራ አውራጃ ከዚህ እንቅስቃሴ «ናሪ አዳላት»፣ የሴቶች ሸንጎ ተወለደ። ሴቶቹ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አጠገብ ሆን ብለው ይቀመጡ ነበር፤ ፖሊሱም የመሬት ጸሐፊውም ሳይርቅ። ባልና ሚስትን ሰምተው ስምምነቱን በቴምብር ወረቀት ያስፈርማሉ። ውሳኔው የፍርድ ቤት ኃይል የለውም፤ አስገዳጁ የመንደሩ ይሉኝታ ነው። የማዕከላዊው መንግሥት በጀት በ2010ዎቹ አጋማሽ ሲቋረጥ ብዙው ተዳከመ። ያን ጊዜም ዛሬም የሚታየው ግን ቁጠባ ሴቶችን በየሳምንቱ እንደሚያመጣ፣ ለአንድ ቀን ብቻ የተሰጠ የሕግ ሥልጠና ግን በወሩ እንደሚረሳ ነው።

በራጃስታን የመንግሥት የሴቶች ልማት ፕሮግራም ሠራተኛ የነበረችው ባንዋሪ ዴቪ በ1992 የሕፃናት ጋብቻ ለማስቆም በመሞከሯ በቡድን ተደፈረች፤ ተከሳሾቹም በነጻ ተለቀቁ። የእሷ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1997 በሥራ ቦታ ስለሚደርስ ወሲባዊ ትንኮሳ መመሪያ እንዲያወጣ ምክንያት ሆነ፤ ሕጉ የወጣው በ2013 ነው።

ለቡድኖቹ በብዛት የሚቀርበው ጉዳይ የቤት ውስጥ ጥቃት ነው። በ2005 ወጥቶ በጥቅምት 2006 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ዱላን ብቻ ሳይሆን ስድብን፣ ገንዘብ መከልከልንና የሴቷን የግል ጌጣጌጥ መያዝንም ጥቃት ይለዋል። ሚስት ቤቱ በስሟ ባይሆንም የመኖር መብት አላት። መንገዱ ይህ ነው፦ በአውራጃው ለተመደበው የጥበቃ መኮንን ይነገራል፣ እሱ የድርጊቱን ሪፖርት ሞልቶ ለዳኛ ይልካል፤ ሴቷ ራሷም በቀጥታ ማመልከት ትችላለች። የመጀመሪያው ቀጠሮ በሦስት ቀን፣ ውሳኔው በ60 ቀን እንዲሆን ሕጉ ይላል። በተግባር ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል፤ መኮንኖቹም ብዙ ጊዜ ይህን ሥራ በሌላ ሥራ ላይ ደርበው የያዙ ናቸው። የጥበቃ ትእዛዝ የጣሰ እስከ አንድ ዓመት ሊታሰር ወይም እስከ 20,000 ሩፒ ሊቀጣ ይችላል። ልምድ ያላቸው ቡድኖች አባሏ ገና ሳትከስ የሠርግ ፎቶግራፍ ወይም የጥሪ ካርድ፣ የራሽን ካርድና የሐኪም ወረቀት ቅጂ ሌላ ቤት እንድታስቀምጥ ይመክራሉ፤ ከቤት በተባረረች ማግሥት እነዚህን ማግኘት ስለማይቻል።

ጥሎሽ በእኛ አገር ከወንዱ ወገን ወደ ሴቷ የሚሄድ ሲሆን በሕንድ የተገላቢጦሽ ነው። ከ1961 ጀምሮ የተከለከለ ቢሆንም ይከፈላል፤ ለክፍያውም አንዳንዴ የሚወሰደው ከቡድኑ የተገኘ ብድር ነው። ይህን መተዳደሪያ ደንባቸው ውስጥ የከለከሉ ቡድኖች አሉ፤ ተበዳሪዋ ግን «ለሕክምና» ብላ ታስመዘግባለች።

መሬት ከሁሉ የጠጠረው ጉዳይ ነው። የ1956ቱ የሂንዱ ውርስ ሕግ በ2005 ተሻሽሎ ሴት ልጅ ከመወለዷ ጀምሮ በጋራ ቤተሰብ ርስት ከወንድሟ እኩል ባለ ድርሻ ሆነች፤ ከታኅሣሥ 20 ቀን 2004 በፊት በተመዘገበ ሰነድ ወይም በፍርድ የተከፋፈለውን ግን ማሻሻያው አይነካም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በነሐሴ 2020 ማሻሻያው ሲወጣ አባትየው በሕይወት መኖሩ ግዴታ እንዳልሆነ ግልጽ አደረገ። ሆኖም አባት በራሱ ያፈራውን ለወንዶቹ መናዘዝ ይችላል። በራጃስታን ደግሞ «ሐቅ ትያግ» በሚባል ልማድ እኅት ድርሻዋን ለወንድሞቿ በፊርማ ትለቃለች። የማትለቅ ከሆነ የእናት አባት ቤት ይዘጋባታል፤ ባል ቢበድላት የምትመለስበት ቦታ አይኖራትም። ስለዚህ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ በጎ ፈቃደኞች ልጅቱን «ክሰሺ» ከማለት ይልቅ አባት ሳይሞት ስሟ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ይሠራሉ። ከሞት በኋላ ከሆነ የይዞታ መዝገቡን ቅጂ፣ የሞት ምስክር ወረቀትና የወራሾች ዝርዝር ይዛ ለመሬት ጸሐፊው ስም ማዛወር ታመለክታለች። የሂንዱ ውርስ ሕጉ ለተመዘገቡ ነባር ጎሣዎች አይሠራም፤ የሙስሊም ሴቶች ውርስም በሌላ ሥርዓት ይታያል። የ2006ቱ የደን መብት ሕግ ግን ላገቡ ሰዎች የባለቤትነት ሰነዱ በባልና በሚስት ስም እንዲሆን ያዛል።

ወረቀት የመያዝ ልማዱ ከቁጠባ ደብተሩ የመጣ ነው። በ2005 የወጣው የገጠር ሥራ ዋስትና ሕግ ለአንድ ቤተሰብ በዓመት 100 የሥራ ቀን ደንግጎ፣ ሥራው በ15 ቀን ካልተሰጠ የሥራ አጥ አበል ይከፈል ይል ነበር። ሴቶች በቃል ጠይቀው «ሥራ የለም» እየተባሉ ይመለሱ ነበር፤ 15ቱ ቀን የሚቆጠረው ቀን ከተጻፈበት ደረሰኝ እንደሆነ ሲያውቁ በጋራ አመልክተው ደረሰኝ ሳይዙ አለመሄድ ጀመሩ። በዚያው ዓመት በወጣው የመረጃ መብት ሕግ በ10 ሩፒ ማመልከቻ የራሽን ሱቁን ወይም የሥራ ቀን መዝገቡን መጠየቅ ይቻላል፤ መልሱም በ30 ቀን መሰጠት አለበት። ጠበቃ ሲያስፈልግ በ1987ቱ ሕግ መሠረት ማንኛዋም ሴት፣ ገቢዋ ምንም ይሁን ምን፣ ነጻ የሕግ ድጋፍ ታገኛለች። የገቢ ማስረጃ አምጪ ብሎ የሚመልሳት ጸሐፊ ተሳስቷል።

ቡድኖቹ የቤት ውስጥ ጥቃትን ቀንሰዋል ወይ በሚለው ላይ ጥናቶች አይስማሙም። አንዳንዶቹ ሴቷ ገንዘብ መያዝ ስትጀምር ጥቃቱ መጀመሪያ ሊብስ እንደሚችል ያሳያሉ። የማያከራክረው ሸክሙ ነው፤ የመንግሥት ቆጠራ፣ የክትባት ቅስቀሳ፣ በኮቪድ ዘመን ደግሞ የአፍ መሸፈኛ ስፌትና የጋራ ወጥ ቤት ሁሉ በእነዚህ ሴቶች ላይ ተጭኗል፤ ክፍያው ትንሽ ነው፣ አንዳንዴም የለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ዛሬ «ራስ አገዝ ቡድን» ተብሎ የሚታወቀው አሠራር ከዚሁ የደቡብ ሕንድ ልምድ የተቀዳ ነው። በ2002 የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የማይራዳን ሥራ ከተመለከተች በኋላ በናዝሬት በአምስት ቡድኖች ጀመረችው። ከሕንዱ የሚለየው ከባንክ ጋር ያለው ትስስር ጠባብ መሆኑ ነው፤ አብዛኛው ብድር የሚሰጠው ከቡድኑ ከራሱ ቁጠባ ነው።