የመጠጫ ዕቃና የወዳጅ ጨዋታ በሰሜን ሸዋ

ሰሜን ሸዋ በአማራ ክልል የሚገኝ ዞን ሲሆን ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን ነው። በኦሮሚያ ክልልም ፍቼን ማዕከሉ ያደረገ በዚሁ ስም የሚጠራ ዞን አለ፤ ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ግን የመጀመሪያውን ነው። ከመንዝና ከተጉለት ደጋ ተነሥቶ በጣርማ በር ቁልቁል እስከ ይፋትና ሸዋ ሮቢት ቆላ የሚወርደው ይህ አገር በአየሩም በእምነቱም አንድ ዓይነት አይደለም። ይሁንና ሰው ከወዳጁ ጋር የሚቀመጥበት ሥርዓት በደጋውም በቆላውም በአንድ ነገር ይመሳሰላል፤ ጨዋታው የሚደራው መጠጫው ከቀረበ በኋላ ነው። ሲኒ፣ ጣሳ፣ ዋንጫ፣ ብርሌና መለኪያ የየራሳቸው መጠጥ ብቻ ሳይሆን የየራሳቸው ሰዓት፣ ቦታና ባልንጀራ ስላላቸው፣ አንድ ሰው የሚወደው የመጠጫ ዕቃ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ከማን ጋር ማምሸት እንደሚወድ ማወቅ ማለት ይሆናል።

ለዚህ ልማድ መጽናት ብርዱም የራሱ ድርሻ አለው። አጼ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ውርጭ ይጥልባታል፤ ውሃም በዚህ ከፍታ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ትኩስ ነገር ቶሎ በሚበርድበት አገር ትንሽ ዕቃ ሞልቶ፣ ቶሎ ጠጥቶ፣ እንደገና ማስቀዳት ትልቅ ኩባያ ይዞ ከመቀመጥ ይሻላል። እጀታ የሌላት ሲኒ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ተይዛ እስክትጨለጥ ድረስ ሙቀቷ ለጉሮሮ ብቻ ሳይሆን ለቀዘቀዘ እጅም ይተርፋል።

ዛሬ ቀኑን ያለ ቡና የማይገፋው የሸዋ ክርስቲያን ቡናን የለመደው በቅርብ ዘመን ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (እ.ኤ.አ. 1813–1847) አንኮበር ላይ ሆነው ሸዋን ይገዙ በነበረበት ጊዜ ቡና እንደ ትምባሆ ሁሉ የሙስሊም ልማድ ተደርጎ ስለሚቆጠር በካህናቱ ዘንድ የተነወረ ነበር። ነገሩ የተለወጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው፤ ምኒልክ ራሳቸው ቡና ጠጪ መሆናቸውና ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ካህናቱ በቡና ላይ የነበራቸውን ጥርጣሬ እንዲተዉ መጣራቸው ልማዱ በደጋው እንዲስፋፋ መንገድ ከፍቷል። ይህን ያህል ወጣት የሆነ ልማድ ከጥንት የወረደ እስኪመስል ድረስ በአጭር ጊዜ ሥር መስደዱ፣ ቡናው የገባበት ቤት ቀድሞውኑ የመሰብሰብ ጥማት እንደነበረበት ያሳያል።

ቡና በሰፈር ውስጥ በተራ ይፈላል። ሦስት ወይም አራት ጎረቤታሞች ዛሬ በአንዷ፣ ነገ በሌላዋ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ሰዓቱ ሲደርስ አንድ ልጅ በየደጁ ይላክና «እትዬ፣ ቡና ጠጡ ተብለዋል» ብሎ ይመለሳል። ቡናው ታጥቦ በብረት ምጣድ ላይ ሲቆላ ጭሱ ለተቀመጡት ሁሉ ይዞርላቸዋል፤ ከዚያ ተወቅጦ ጀበና ይገባል። ሲኒዎቹ በረከቦቱ ላይ ከመደርደራቸው በፊት በሙቅ ውሃ ይለቀለቃሉ፤ አቦሉ በመጀመሪያ የሚቀርበው ለታላቅ ነው። የቡና ቁርሱ ቆሎ፣ ንፍሮ ወይም ዳቦ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ደብረ ሲና በተለይ በቆሎዋ ትታወቃለች። በከተማ ስኳር ቢለመድም በገጠር ቡናውን በጨው የሚጠጣ አሁንም አለ። ጨው ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም፤ ከአፋር ቆላ በግመልና በአህያ ተጭኖ የሚወጣው አሞሌ ከአንኮበር ሥር ባለችው በአልዩ አምባ ገበያ በኩል ወደ ደጋው ይገባ ነበር።

ከአቦል በኋላ ቶና፣ ከቶና በኋላ በረካ ይከተላል። በእኔ ግምት የዚህ ሥርዓት ትልቁ ጥቅም ርዝመቱ ነው። አቦል ላይ የሚነሣው ወሬ የሁሉም ጆሮ የሚሰማው ነው፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እህል ዋጋ፣ ስለ ዕቁቡ ተረኛ። የሚያስጨንቀው ጉዳይ፣ የታመመው ልጅ ወይም የተኳረፉት ባልና ሚስት፣ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ጀበናው እንደገና ውሃ ተጨምሮበት እስኪፈላ በሚጠበቅበት ክፍተት ነው። አቦልን ብቻ ጠጥቶ መነሣት ምክንያት ያስጠይቃል፤ የበረካው ምርቃት ሳይሰማ የወጣ ሰው ደግሞ ተጎድቶ ወይም ተቀይሞ ይሆናል ተብሎ ይታሰባል። በይፋትና በአንኮበር ግርጌ ባሉ የሙስሊምና የአርጎባ ቤቶችም እጣኑና መቀመጫው ያው ሆኖ ምርቃቱ በዱዓ ይፈጸማል።

ሲኒ ሲገዛ በስድስት ወይም በደርዘን ይገዛል፤ ተሟልቶ ግን አይቆይም። አንዱ በልጅ እጅ፣ አንዱ በእጥበት ይሰበርና በቦታው ሌላ ቀለም ያለው ይተካል፤ ስለዚህ ብዙ ዓመት ያገለገለ ረከቦት ላይ የሚታዩት ሲኒዎች ባለ አበባው፣ ባለ ወርቅ ቀለበቱና ነጩ ተደባልቀው ነው። ለእንግዳ የተሸረፈ ዕቃ ማቅረብ ነውር በመሆኑ ጠርዟ የተሸረፈችው ሲኒ የባለቤቲቱ ድርሻ ትሆናለች። ከአንዲት ሴት ጋር ለዓመታት ቡና የተጣጣች ጎረቤት ያችን ሲኒ ከሩቅ ታውቃታለች፤ ቤቱን ለማገዝ ስትቀዳም ለይታ ለባለቤቷ ታስቀምጥላታለች።

ጀበናው ከሲኒው የተለየ ታሪክ አለው። ሲኒው ከውጭ የሚመጣ ሸቀጥ ሲሆን ጀበናው፣ እንስራውና ጋኑ የአገር ሸክላ ናቸው፤ ሴቶች ያለ ማሽከርከሪያ በእጃቸው ቅርጽ ሰጥተው፣ በድንጋይ አለስልሰው፣ በሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት እሳት ይተኩሷቸዋል። አዲስ ጀበና ከገበያ እንደመጣ ቡና አይፈላበትም፤ መጀመሪያ መሟሸት አለበት፣ አለበለዚያ ውሃ ያሰርጋል፣ ቡናውንም አፈር አፈር ያሰኘዋል። የጠላ እንስራና ጋን ደግሞ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ከታጠበ በኋላ በወይራ ይታጠናል፤ የጠላው ጠረን ግማሹ ከዚህ ጭስ የሚመጣ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚያሳዝነው የሠሪዎቹ ዕጣ ነው። በሸዋ ሸክላ ሠሪዎች፣ ቀጥቃጮችና ሌሎች ባለ እጆች «ጠይብ» እና «ቡዳ» እየተባሉ ከኅብረተሰቡ ተገልለው ኖረዋል፤ የሠሩትን ጀበና በየቀኑ ከምድጃው የማያወርድ ጎረቤት ከሠሪዋ ጋር ተቀምጦ አንድ ሲኒ ለመጣጣት ግን ይሸሽ ነበር። ይህ አመለካከት እየላላ ቢሄድም በገጠር ጨርሶ አልጠፋም።

ደጋው የገብስ አገር ስለሆነ መጠጡም የገብስ ነው። ጠላ የሚጠመቀው ከጌሾ፣ ከብቅልና ተቆልቶ ከተፈጨው ደረቆት ሲሆን የአልኮል መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ ገደማ ነው። ቀላል መጠጥ በመሆኑ ትልቅ ዕቃ ይፈልጋል፤ በቤት በሽክና፣ በዋንጫ ወይም በብርጭቆ፣ በጠላ ቤት ደግሞ በጣሳ ይቀዳል። ጠላ ቤት በደጁ ላይ በእንጨት ጫፍ በተደፋ ጣሳ ይታወቃል፤ ጠላው ያለቀ ዕለት ምልክቱ ይነሣል። ቀጂዋ ጠላውን ከማቅረቧ በፊት ጥቂት መዳፏ ላይ አፍስሳ ትቀምሳለች፤ ይህ መጠጡ ንጹሕ መሆኑን ለማሳየት ከጥንት የወረደ ልማድ ነው። የመጀመሪያውን ጣሳ ጨርሶ «በቃኝ» ማለት አይሠራም፤ «በሞቴ» ተብሎ ሳይለመን የተደገመለት ሰው ራሱን እንደ ባዕድ ይቆጥራል፣ ተለምኖ እንቢ ያለውም ባለቤቲቱን ያስቀይማል። ጠላ ቤት በአብዛኛው የወንዶች መዋያ ሲሆን አንዳንዱ ደንበኛ የራሱ መደብና ከሌላው የሚለየው ጣሳ እስከመኖር ይደርሳል።

ከመጠጫዎች ሁሉ ከፍ ያለ ክብር ያለው የማኅበሩ ጽዋ ነው። በአንድ ቅዱስ ስም የሚጠጣ ማኅበር አባላቱን በወር አንድ ቀን፣ በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም፣ በ23 ለጊዮርጊስ ወይም በሌላ የመታሰቢያ ቀን፣ በተረኛው ቤት ይሰበስባል። ጠላ የተሞላውና በጨርቅ የተሸፈነው ጽዋ ከዳቦው ጋር መካከል ላይ ይቀመጣል፤ ካህኑ ጸሎት ካደረሰ በኋላ ይባረካል፣ ይጠጣል፣ በመጨረሻም የሚቀጥለው ወር ተረኛ በምርቃት ይረከበዋል። ዕቃው የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ በየቤቱ የአንድ ወር እንግዳ ነው። ሰንበቴም በዚሁ መንፈስ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን አጸድ የሚቀርብ ሲሆን ደሃውም መንገደኛውም ይካፈለዋል። የማኅበር ወንድምና እኅት የሆነ ሰው በኀዘን፣ በሰርግና በአጨዳ ጊዜ ከዘመድ እኩል ይቆጠራል። የሚያጣላ ነገር የተፈጠረባቸው አባላት ሳይታረቁ ከአንድ ጽዋ መጠጣት ስለማይገባቸው የማኅበሩ መሪ የሆነው ሙሴ አስቀድሞ ሊያስማማቸው ይጥራል። አንዳንድ ጠብ ለዓመት ሳይጎተት በወሩ የሚቆረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ጠጅና አረቄ ከዚህ ወግ በጥቂቱ ይለያሉ። ጠጅ በአንኮበር ቤተ መንግሥት ዘመን የንጉሡና የመኳንንቱ መጠጥ ሆኖ በቀንድ ዋንጫና ከውጭ በመጣ የብርጭቆ ብርሌ ይቀዳ ነበር፤ ትልቅ ሰው ሲጠጣም ዓይን እንዳያርፍበት በሸማ ይጋረዳል። የቀንድ ዋንጫ የሚሠራው ቀንዱ በሙቀት ከለሰለሰ በኋላ ተቀርጾና ተፍቆ፣ ቂጡ በእንጨት ተደፍኖ ነው፤ ዛሬ ግን ከጠጪው እጅ ይልቅ በጌጥ መሸጫ ይበዛል። አረቄ በደብረ ብርሃን ብርድ ብዙ ወዳጅ አለው። ዳግም አረቄ 45 በመቶ አልኮል ሊደርስ ስለሚችል የሚቀርበው ከሁሉ በምታንሰው በመለኪያ ነው፤ የመጠጫ ዕቃዎቹ ስፋት መጠጡ በጠነከረ ቁጥር እየጠበበ መሄዱ እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል።

በ2000ዎቹ ዓመታት በደብረ ብርሃን የቢራ ፋብሪካዎች ተከፍተዋል፤ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም የከተማዋን ካፌዎች በተማሪ ሞልቷል። እንስራ በጄሪካን፣ ሽክና በፕላስቲክ ጆግ እየተተኩ ነው። በአንጻሩ ጀበና ቡና የሚያፈሉ ሴቶች በየመንገዱ ዳር አጫጭር በርጩማ ደርድረው፣ በቤት የነበረውን የጎረቤት ቡና ለማይተዋወቁ ሰዎች አምጥተዋል። በርጩማዎቹ እርስ በርስ ስለሚጠጋጉ ማኪያቶ በካፌ ከሚጠጡት ይልቅ እዚህ የተቀመጡት ቶሎ ወደ ጨዋታ ይገባሉ። ባለ እጀታው ትልቅ ኩባያ ወደ ቤት የገባው በአብዛኛው በስጦታ መልክ ነው፤ ጓደኛሞች ለምረቃ ወይም ለልደት ፎቶ ያሳተሙበትን ኩባያ ይሰጣጣሉ። ስጦታው ግን ሳሎን ውስጥ ባለው ቡፌ መስታወት ኋላ ይቀመጥና ሻይ አይጠጣበትም፤ የሚወርደው የሰጠው ጓደኛ ራሱ ሊጠይቅ ሲመጣ ነው።