ኦርኪድ ሁሉ ወለላ የለውም፦ ስለ አበባው የሚወሩ ስህተቶችና እውነታው

ስለ ንብ እርባታ ስልጠና በሰጠሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም። ደብረ ብርሃንም ይሁን ደብረ ሲና፣ አንኮበርም ይሁን መንዝ፣ ከተሰብሳቢው አንዱ እጁን ያወጣና «ከጫካ ኦርኪድ አምጥተን ቀፎው አጠገብ ብናስር ማሩ ይጨምራል አይደል?» ይላል። አይጨምርም። ግን «አይጨምርም» ብቻ ብዬ ብመልስ ሰው አያምነኝም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላው ዛፍ ላይ ወጥቶ ነቅሎ ይመጣል። ስለዚህ ከሥሩ ላስረዳ። በዚያው ሌሎቹንም ወሬዎች እናጥራ።

«ዛፍ ላይ የበቀለ ኦርኪድ ዛፉን ይመጠዋል»

አይመጠውም። ሥሩን ቅርንጫፉ ውስጥ ሰርስሮ አስገብቶ ውሃና ምግብ የሚወስድ እውነተኛ ተቀጽላ አለ። እሱን መቁረጥ ልክ ነው። ኦርኪድ ግን ቅርፊቱን ከላይ ይዞ ይቀመጣል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ሥሩን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ወፈር ያለ ነው፤ ሲደርቅ ነጭ ይሆናል፣ ሲረጥብ አረንጓዴ። ያ ነጭ ሽፋን የዝናብና የጉም ውሃ የሚይዝበት ነው። አንድ አባት ጓሯቸው ያለውን ወይራ ላድን ብለው ኦርኪዱን በሙሉ ገፈው ጥለውት አግኝቻለሁ። እውነተኛው ተቀጽላ ጫፉ ላይ እንዳለ ነበር። ወይራውን ያደረቀው እሱ ነው።

«ንብ ከአበባ ማር ትቀዳለች»

የምትቀዳው የአበባ ወለላ ነው፤ ባለሙያዎች ኔክታር የሚሉት። ስኳር ያለበት ውሃ ማለት ነው። ማር የሚሆነው ቀፎ ውስጥ ነው፤ ንቦቹ ኢንዛይም ጨምረውበት፣ ውሃውን አትንነው።

«ያ ትልቁ ባለቀለም ቅጠል የወለላው ማስቀመጫ ነው»

እዚህ ላይ የአበባውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። የኦርኪድ አበባ ከውጪ ሦስት፣ ከውስጥ ሦስት ቅጠል አለው። ከውስጠኞቹ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ይሰፋል፣ ይዥጎረጎራል። ከንፈር ይባላል። ሥራው በአመዛኙ የነፍሳት ማረፊያ መሆን ነው። አበባው እምቡጥ ሳለ ከንፈሩ ከላይ ነው። ሊከፈት ሲል አንገቱ ግማሽ ዙር ይጠመዘዝና ከንፈሩ ወደ ታች ይመጣል። አብዛኛው ኦርኪድ እንዲህ ነው። መሀል ላይ ደግሞ ወንዴውና ሴቴው ተዋህደው አንድ አጭር ዓምድ ሆነዋል። ኦርኪድን ከሌላ አበባ የምንለይበት ዋናው ምልክት ይህ ነው። ጽጌ ብናኙም አይበተንም። በጥቅል ተጣብቆ ይቀመጣል፤ ጥቅሉ ግርጌ ላይ ሙጫ አለው።

ወለላ ካለ ታዲያ የት ነው? ብዙ ጊዜ ከአበባው ኋላ ወደ ታች በሚወርድ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ነው። በደጋው ሣር መሀል በክረምት የሚያብብ ሳቲሪየም የሚባል ኦርኪድ አለ። የሱ አበባ ከንፈሩ ወደ ታች ሳይዞር ከላይ ቀርቶ ቆብ ሠርቷል፤ ከቆቡ ኋላ ሁለት ቱቦዎች ይንጠለጠላሉ። እንዲህ ዓይነት ቱቦ ስታገኙ ሳትቀጥፉ ፀሐይዋ ከኋላ እንድትሆን ዝቅ ብላችሁ እዩት። ግድግዳው ስስ ከሆነና ወለላ ካለው ፈሳሹ የት ድረስ እንደሞላ ከውጪ ይታያል። ከሌለው ባዶነቱ ያስታውቃል።

«አበባ ካለ ወለላ አለ»

የችግሩ ሁሉ ምንጭ ይህ ነው። እውነቱ ይሄ ነው፦ ከዓለም የኦርኪድ ዝርያዎች ወደ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ምንም ወለላ አይሰጡም ተብሎ ይገመታል። ዝርያው ደግሞ ወደ 28,000 ነው። ስለዚህ የምናወራው ስለ ሺዎች ነው። ቀለም አላቸው፣ ሽታ አላቸው፣ ቱቦ ያላቸውም አሉ። ቱቦው ግን ባዶ ነው። ደጁ ላይ ጣሳ ሰቅሎ ውስጡ ጠላ የሌለው ቤት በሉት። ንቧ ምልክቱን አይታ ትገባለች፣ ምንም ሳታገኝ ትወጣለች፤ ስትወጣ ግን የጽጌ ብናኙ ጥቅል ግንባሯ ላይ ተለጥፏል።

ይህን ለመቀበል የተቸገረው የኛ ሰው ብቻ አይደለም። ጀርመናዊው ክርስቲያን ኮንራድ ሽፕሬንግል እንደ ፈረንጆቹ በ1793 አንዳንድ ኦርኪዶች ወለላ ያላቸው መስለው ነፍሳትን እንደሚያታልሉ ጽፎ ነበር። ቻርልስ ዳርዊን በ1862 ስለ ኦርኪድ ሲጽፍ ግን ይህን አልተቀበለም። ነፍሳት ትውልድ በትውልድ እንዲህ ይታለላሉ ብሎ ማመን አቃተው። ቱቦዎቹን ፈትሾ ባዶ ቢያገኛቸውም ነፍሳቱ የቱቦውን የውስጥ ግድግዳ በስተው ፈሳሽ ሳይጠጡ አይቀሩም አለ። ልክ የነበረው ሽፕሬንግል ነው።

«ታዲያ ተክሉ ምን ይጠቀማል?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ ወለላ ውድ ነው። ተክሉ ለቅጠሉና ለፍሬው የሚሆነውን ስኳር ነው የሚያፈሰው። ከተዳቀለ በኋላ የተረፈውን ወለላ መልሶ የሚመጥ ኦርኪድ እንኳ አለ። ሁለተኛው ይበልጣል። ወለላ ያገኘች ንብ እዚያው ተክል ላይ ከአበባ ወደ አበባ ትዞራለች፤ የተክሉን ብናኝ ለራሱ ለተክሉ ታደርሳለች። ባዶ ያገኘች ግን ቶሎ ትታው ትሄዳለች፤ ብናኙን ሌላ ቦታ ላለ ሌላ ተክል ታደርሳለች። ተመራማሪዎች ወለላ የሌለው ኦርኪድ ቱቦ ውስጥ የስኳር ውሃ ጨምረው ሞክረውታል። ነፍሳቱ እዚያው ተክል ላይ ብዙ አበባ ጎበኙ፣ ራሱን በራሱ ማዳቀሉም ጨመረ። ከዚህ ሁሉ አልፎ በሜዲትራኒያን አካባቢ የሴት ንብ መልክና ሽታ አስመስሎ ወንዱን ብቻ የሚጠራ ኦርኪድ አለ። እሱ ዘንድ ምግብ የሚባል ነገር የለም።

ወለላ ያላቸውስ? ብዙዎቹ ለኛ ንብ የተሠሩ አይደሉም። የማር ንብ ምላስ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ነው። በአገራችን ደኖች ዛፍ ላይ የሚበቅለው ኤራንጊስ የሚባል ነጭ ኦርኪድ ቱቦው ከ10 ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ ዝርያዎች አሉት። ወለላው ግርጌው ላይ ነው። ንቧ ቀኑን ሙሉ ብትሞክር አትደርስበትም። የሚደርስበት በሌሊት የሚበር፣ ምላሱ ረጅም የሆነ የእሳት እራት ነው። ነጭ የሆነውና ሲመሽ የሚሸተው ለዚህ ነው። በማዳጋስካር ያለ ሌላ ኦርኪድ ደግሞ ቱቦው 30 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ዳርዊን ያንን አይቶ «ይህን የሚጠጣ ረጅም ምላስ ያለው የእሳት እራት መኖር አለበት» አለ፤ እዚህ ላይ ልክ ነበር። እራቱ እንደ ፈረንጆቹ በ1903 ተገኝቶ ተመዘገበ።

ደብረ ሲና በኩል አንድ ጎበዝ ወጣት አውቃለሁ። ዘመናዊ ቀፎዎች አሉት፣ ንብ አያያዙም ጥሩ ነው። ይህን ወሬ ሰምቶ ከደን ኦርኪድ ከነቅርንጫፉ ቆርጦ አምጥቶ በቀፎዎቹ ዙሪያ አሰረ። እኔ ስደርስ አብዛኛው ደርቆ ነበር። ማሩ ያው ነው። ንቦቹ አጠገባቸው ያለውን አበባ አልፈው እታች ወደ ማገቱ አበባ ይወርዱ ነበር። «እየው፣ ራሳቸው እየነገሩህ ነው» አልኩት። ከልቡ አዘነ፤ እኔም አዘንኩ። ምክንያቱም የነቀሉትን ኦርኪድ መልሶ መተካት ቀላል አይደለም። ዘሩ አቧራ ያህል ደቃቅ ነው፤ ለማቆጥቆጫ የሚሆን ምግብ በውስጡ የለውም። የሚመግበው ልዩ ፈንገስ ካላገኘ አይበቅልም። ጓሮ ውስጥ ቢበትኑት ከንቱ ነው። ወፍ ዋሻን የመሰለ ደን ውስጥ አንድ ቅርንጫፍ ሲገፈፍ የብዙ ዓመት ዕድገት ነው የሚጠፋው።

ማር ከፈለጋችሁ ንብ የምትደርስበትን ትከሉ፣ ጠብቁም። መስከረም ላይ አደይ አበባውን፣ ማገቱንና መጩን ከነአበባው አትጨዱት፤ ትንሽ ቆዩለት። ግራዋን አጥር አድርጉት። ደጋው ላይ ትሪ ሉሰርን ትከሉ፤ ለከብቱም መኖ ነው። ባህር ዛፍ ያላችሁ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትቁረጡ፣ የሚያብብ ተዉ። ንጹሕ ውሃ አቅርቡ። ሰብል ላይ መድኃኒት የምትረጩ ከሆነ ንቧ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ ሲመሽ ይሁን።

«ሽታው ከጣፈጠ ወለላ ሞልቶታል»

ሽታ መጥሪያ ነው። የበሰበሰ ሥጋ የሚሸት ኦርኪድም አለ፤ እሱ የሚጠራው ዝንብ ነው።

«ኦርኪድ ለጌጥ እንጂ ለሌላ አይሆንም»

ቫኒላ የኦርኪድ ፍሬ ነው።

«የንቧ ግንባር ላይ ያለው ቢጫ ነገር ተባይ ነው»

ሁለት ትንንሽ ቢጫ ዘንጎች ግንባሯ ላይ ቆመው ካያችሁ የኦርኪድ ብናኝ ጥቅል ሊሆን ይችላል። በሙጫው ተለጥፎ ነው። ቫሮዋ የሚባለው የንብ ተባይ ሌላ ነው፤ ቀይ ቡናማ፣ ጠፍጣፋ፣ እግር ያለው ነው። ሳታጣሩ ቀፎው ውስጥ መድኃኒት አታስገቡ።

«ግንዱ ላይ የሚያጣብቅ ጠብታ ከወጣ ኦርኪዱ ታሟል»

ይህ ከአዲስ አበባ በማሰሮ የተገዛ ኦርኪድ ቤታቸው ያስቀመጡ ሰዎች ጥያቄ ነው። አንዳንድ ኦርኪድ ከአበባው ውጪም ወለላ ያወጣል፤ በአበባው ዘንግና በእምቡጡ ሥር። ባቄላ ያየ ሰው ሊገርመው አይገባም። ባቄላ ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ቦታ ያለችው ጥቁር ነጥብ ወለላ ታወጣለች፤ ጉንዳን የሚመላለሰው ለዚያ ነው። የኦርኪዱ ጠብታ ጥርት ያለና ዘንጉ ላይ ብቻ ከሆነ ተዉት፣ ካስጠላችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ቅጠሉ ላይ ከተንጠባጠበ ግን ቅጠሉን ገልብጡት። ክሽክሽ ወይም ተለጥፎ የማይነቃነቅ ቡናማ ቅርፊት ካገኛችሁ ተባይ ነው። ቅርፊቱን በጥፍር ወይም በለስላሳ ብሩሽ አንሱ፣ ቅጠሉን በሳሙና ውሃ እጠቡ፣ በሳምንቱ ደግማችሁ እዩት።